ከመድረክ የወረደችው ከበሮ መቺ

ኤርትራ፣ ደቀምሓሬ ተወልዳ፣ በስደት አዲስ አበባ ገብታ፣ ፒያሳ ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራየች ምብራት የምትባል ከበሮ መቺ አለች። ሴት በባንድ መሀል ከበሮ ስትመታ ማየት ያልለመደ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሲያያት ሳቀ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባል የለ? እሷን ግን ከበሮ አደናግሯት አያውቅም። በነሱ አገር ጓይላ ሲጨፈር ከበሮውን አንግታ ክቡን የምትመራው ሴት ናት። ምብራት እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ የለመደችውን ነገር ምን ያደናግራታል!

አንድ አመል ግን ነበረባት። በነሱ ወግ ከበሮ መቺ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ጨፋሪው መሀል ገብቶ ይዞራል። የአራዳ ባንድ ደግሞ ከበሮ መቺውን ከኪቦርዱ ኋላ ወንበር ላይ ሰክቶ ነው የሚያስመታው። የባንዱ አለቃ ሚናስ ለሙከራ የወሰዳት ዕለት፣ ሙዚቃው ሲሞቅላት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከበሮዋን አንግታ ከመድረክ ወረደች! ዘፋኙ ዞሮ ቢያይ ከበሮ የለም። ምቱ ራቀውና ዘፈኑ ተንገዳገደ።

ሚናስ አበደ።

«ስሚኝ ምብራት፣ የቀጠርኩሽ እንድትመቺ ነው፣ እንድትዞሪ አይደለም። ሁለተኛ ከመድረክ ከወረድሽ፣ በዚያው ወደ ቤትሽ!»

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ ከልቧ ነው። ስደተኛ በእጁ በገባ ሥራ አይቀልድም። ሌላ ያንኳኳችው በር ሁሉ «እንደውልልሻለን» ብሎ የቀረ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ አምስት ኪሎ፣ የእማማ የሺ የልጅ ልጅ የኤዶም መልስ ነበር። እማማ የሺ አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ፣ ምላሳቸው የማይዝግ ሴትዮ ናቸው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሥጋውም ጠጁም ተትረፍርፏል፤ ጨፋሪ ግን የለም! እንግዳው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ አንዱ ሌላው እስኪነሳ ይጠብቃል። ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፤ ወይ ፍንክች! የሙሽሪት ዓይን እንባ አቀረረ። እማማ የሺ «ይሄ መልስ ነው ሰልስት?» እያሉ ቁጭ ብድግ ይላሉ።

ምብራት ምን እንደጎደለ ገብቷታል፤ ከበሮው ሩቅ ነው። ሰው ከሩቅ በሰማው ከበሮ አይነሳም፤ አጠገቡ መጥቶ ደረቱን ሲነዝረው ነው የሚነሳው። ብትወርድ እንጀራዋ ሊቀር ነው። ብትቀመጥ ደግሞ ድግሱ እጇ ላይ ሊሞት ነው፤ ይህንንስ ነፍሷን ይማርና እናቷ ብታይ ምን ትላት ነበር? ሚናስን ቀና ብላ አየችው። በጣቱ «እንዳታስቢው» አላት።

«እንግዲህ የመጣው ይምጣ!» ብላ ተነሳች።

በቀጥታ ሄዳ እማማ የሺ ፊት ቆማ ትመታ ጀመር።

«እማማ፣ ይከተሉኝ!»

«በየት በኩል ልጄ?»

«በዚህ! ዙሪያውን!»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሱ። እግራቸው የምብራትን ዙር ይከተላል፣ ትከሻቸው ግን እስክስታውን አልተወም። ኧረ እንዴት ያምር ነበር! ሙሽሪት ተከተለች፣ ሚዜዎቹ ተከተሉ፣ ስልክ ሁሉ ኪስ ገባ። ከፊሉ ጓይላ ከፊሉ እስክስታ የሆነ፣ ስም ያልወጣለት ጭፈራ ድንኳኑን ሞላው። ምቱ ሲፈጥን እማማ የሺ ከሚዜዎቹ ሁሉ ቀደሙ። ዘፋኙም ምቱ እንዳያመልጠው እየዘፈነ ከኋላ ወርዶ ተከተላት።

ሲያበቃ ምብራት ከበሮዋን በጨርቅ ጠቀለለች። መውረዷ አልቆጫትም፤ መባረሯን ግን አውቃ ለመሄድ ተነሳች። ሚናስ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ብዬሽ ነበር፣ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል ጋሼ። ድግሱ ሲሞት ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም።»

«እኔስ የቻልኩ መሰለሽ?» አለና ወደ ባንዱ ዞሮ ጮኸ። «ስሙ! ከእንግዲህ መድረክ የሚባል ነገር እንዳላይ። ሁላችንም መሬት ላይ ነን፤ እሷ ስትዞር እንዞራለን!»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ደነገጠ። «እንዴ፣ ይሄን ሁሉ ዕቃ ይዤ እንዴት አድርጌ ነው የምዞረው?»

«እሷን ጠይቃት!» አለ ሚናስ። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃህ እሷ ናት።»