በሃውገኖች እርሻ ላይ የቆመው ሰሌዳ

ሜርል ሃውገን የተወለደበትን እርሻ ሣር ዕድሜውን ሙሉ ሲያጭድ የኖረ ሰው ነው። እስከ ሃያ አራት ዓመቱ ያጨደው ለአባቱ ላሞች ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አርባ ሦስት ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቴሪል ካውንቲ ለሚባለው አውራጃ የፓርኮች መሥሪያ ቤት አጨደ። ላሞቹ ከተሸጡ በኋላ ሣሩን የሚበላው አልነበረም፤ ቅዳሜና እሑድ የከተማ ሰዎች ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ቋሊማ እየጠበሱ ይውሉበት ነበር እንጂ።

እርሻው ከኤልም ወንዝ መታጠፊያ እስከ ገደሉ ግርጌ ይደርሳል። ባለቤቱ አባቱ ኒልስ ሃውገን ነበር። ኒልስ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ታላቁ አርደን፣ ታናሹ ሜርል። በዚያ አገር ደግሞ የእርሻ መሬት አይቆራረስም። ሠላሳ ላም የሚያኖር መሬት ለሁለት ቢከፈል የሚያተርፈው ሁለት ድሃ ነው። ስለዚህ እርሻው የአርደን እንደሚሆን፣ አርደን ገና እግሩ የትራክተሩን ፍሬን ሳይነካ ጀምሮ የታወቀ ነበር። ሜርልን በዚህ ነገር ክፉ ቃል የተናገረው የለም። ክፉውም ደጉም አይነገረውም። ማታ በገበታ ዙሪያ አባትና ታላቅ ወንድም ስለሚቀጥለው ዓመት ዘር ሲመክሩ እሱ ድንቹን ያቀብላል።

የቬትናም ጦርነት ገና ባላበቃበት ዓመት የካውንቲው ምክር ቤት በወንዙ ዳር ትልቅ ፓርክ ለመክፈት አሰበ። የፓርኮቹ ኃላፊ ዋልተር ክራውስ የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ ወደ እርሻው መጣ። ኒልስ ሁለቱንም ጊዜ አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና «አይሸጥም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሦስተኛው ክራውስ ወደ እርሻው አልሄደም። ሜርልን ከተማ ውስጥ፣ የከብት መኖ መሸጫው በር ላይ ጆንያ ሲጭን አገኘው።

«አባትህ ግትር ሰው ነው» አለው።

«ገበሬ ነው» አለ ሜርል።

«አንተስ? ገበሬ ነህ?»

ሜርል ጆንያውን መኪናው ላይ ወረወረና ሌላ አነሣ።

«ፓርኩ ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለ ክራውስ። «እዚያው የሚኖር፣ ቤቱን ለዕድሜ ልኩ የሚይዝ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብናገኝ ሌላ አንፈልግም።»

«አባቴ እንቢ ካለ በግድ ትወስዱታላችሁ?»

ክራውስ ዙሪያውን አየ። «ሰኞ ተሰብስበን ነበር። ማንንም አናስገድድም ብለን ወስነናል። አልሸጥም ካለ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ይህን የነገርኩህ ላንተ ብቻ ነው።»

ሜርል ይህን ነገር ሦስት ቀን በሆዱ ይዞት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ማለዳ አባቱ ላም ሲያልብ ከጎኑ ቆመና «ክራውስን አግኝቼው ነበር። በፍርድ ቤት ሊወስዱት ነው። አሁን ብንሸጥ ደህና ዋጋ ይሰጡናል። ከዘገየን በግማሽ ነው» አለው።

ኒልስ እጁን አላቆመም። ላሚቱን አልቦ ጨረሰ፣ ባልዲውን አነሣ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀው።

«በጆሮህ ሰምተሃል?»

«ከአፉ ነው የሰማሁት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ያጣራ ነበር። ኒልስ ግን የአጎቱ እርሻ ለግድብ ሲወሰድ በልጅነቱ አይቷል፤ አጎቱ አራት ዓመት ተከራክሮ ለጠበቃ የከፈለውን እንኳ ሳይመልስ ሞቷል። መንግሥት ያሰበውን ይወስዳል ብሎ ያመነ ሰው ነበር። ልጁ ይዋሸኛል ብሎ ደግሞ በሐሳቡም አልመጣበትም።

ለአርደን ሲነግረው አርደን ጮኸ። «እንከራከር! ጠበቃ እንያዝ፣ እኔ ማታ ማታ ፋብሪካ ገብቼ እከፍላለሁ» አለ። አባቱ እጁን አወዛወዘ፤ አለቀ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አርደን እናቱ፣ ሜርልም ባሉበት አባቱን «ፈሪ» አለው። በሳምንቱ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ አይዋ ግዛት ወደሚገኝ የትራክተር ፋብሪካ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከአባቱ ጋር አልተነጋገረም። ወላጆቹ እርሻውን ለካውንቲው ሸጠው ከተማ ገቡና ከብረታ ብረት ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ተቀመጡ። ኒልስ ፓርኩን አንድ ቀን መጥቶ አላየውም። በስምንተኛው ዓመት ሞተ። አርደን ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ላከ፣ ራሱ አልመጣም።

ሜርል ግን የተባለውን አገኘ። ቤቱን ያዘ፣ የካውንቲው አርማ ያለበትን ካኪ ሸሚዝ ለበሰ። ጥሩ ጠባቂ እንደነበር ማንም አይክድም። ጎርፍ የእግር መንገዱን ሲቆርጠው በማግስቱ በአካፋው ይደለድለዋል። የጠፋ ውሻ ያገኛል፣ በበረዶ የተዋጠ መኪና ይጎትታል፣ ጉጉት ጫጩቶቿን እስክታሳድግ ያንን መንገድ በገመድ ይዘጋል። ሸርሊ የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብቶ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። ወንድሙ ለምን እንደማይመጣ ስትጠይቀው «ከአባቴ ጋር ተጣልቶ ነው» ይላታል። ውሸት አልነበረም። ሸርሊ በካንሰር ስትሞት ይህንኑ ይዛ ሄደች።

ጡረታ ሲወጣ አዲሷ የፓርኮች ኃላፊ ኬንድራ ፖል በቤቱ እንዲቆይ ፈቀደችለት። ሦስት ዓመት ቆየ። ከዚያ የማሻሻያው ዕቅድ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በየሦስት ወሩ የሚያወጣት፣ «የፓርኮች ዜና» የምትባል ስምንት ገጽ ወረቀት አለች፤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ትገባለች፣ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ በነፃ ትታደላለች። የኤልም ወንዝ ፓርክ አዲስ መጸዳጃ ቤት፣ አዲስ የልጆች መጫወቻ፣ በረግረጉ ላይ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኬድበት የእንጨት መረማመጃ እንደሚሠራለት ሜርል ያነበበው ከእርሷ ነው። በአራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ አሮጌው የጠባቂ ቤት ፈርሶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ተጽፎ ነበር።

ኬንድራ ቢሮ ሄደ።

«ሚስተር ሃውገን፣ እኔ ራሴ ልደውልልዎ ነበር» አለች፤ አፍራለች። «ወረቀቱ ቀደመኝ።»

«ቤቱ ለዕድሜ ልክ ነው የተሰጠኝ።»

«ፋይሉን በሙሉ አገላብጫለሁ። እንዲህ የሚል ወረቀት የለም።»

«ክራውስ በቃሉ ነው የሰጠኝ።»

«ሚስተር ክራውስ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

ሜርል ከወንበሩ ተነሣ። ቆቡን አንሥቶ ሊወጣ ሲል አሳዘናት መሰለኝ «ግን አንድ ነገር አስበናል» አለችው። «አዲሱን መንገድ በቤተሰባችሁ ስም ልንሰይመው ነው። የሃውገን መንገድ። መግቢያው ላይ ታሪካችሁን የሚናገር ሰሌዳ ይቆማል። የአባትዎ ፎቶግራፍ ካለዎት ያምጡልኝ።»

በማግስቱ አባቱ በሁለት ፈረሶች መካከል ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ወሰደላት። ያንን ሲያደርግ፣ ምንም ቢሆን ለአባቱ ጥቂት እንደከፈለ ያህል ተሰምቶት ነበር። በመስከረም መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ለአረጋውያን የተሠራ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየ። ቤቱ ሲፈርስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አየ። ከቁርስ በኋላ ጀምረው ለምሳ ጨረሱት።

ፓርኩ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዚያ ሩብ ዓመት ዜና መጣ። ሜርል ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ገለጠው። ፊት ገጹ ላይ አባቱ በፈረሶቹ መካከል ቆሟል። ከሥሩ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቃል ሰፍሯል፦ «ይህ መሬት የኒልስ ሃውገን እርሻ ነበር። የዚያን ጊዜው ቃለ ጉባኤ እንደሚያሳየው ምክር ቤቱ ማንንም ላለማስገደድ ወስኖ ነበር። ሃውገን ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲል፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ መሬቱን ለቀቀ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ ክፍሉ ወጥቶ ኬንድራ ጋ ደወለ።

«ያንን ስለ ማስገደድ የሚለውን አውጪው።»

«ለምን? ያማረው እሱ እኮ ነው። ቃለ ጉባኤውን ለማግኘት ሦስት ቀን አቧራ ስበላ ነው የዋልኩት።»

«ሰው ያነበዋል።»

«እንዲነበብ ነው እንጂ የጻፍነው፣ ሚስተር ሃውገን» ብላ ሳቀች። ወረቀቱ በየቤቱ ገብቷል፣ ሰሌዳው ተቀርጿል። ሰውዬው ምስጋና የሚያሳፍረው ዓይነት ስለመሰላት በደንብ አድርጋ አጽናናችው።

የምረቃው ዕለት ፀሐይ ነበር። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ተጫወተ፣ የካውንቲው ሰዎች ሪባን ቆረጡ፣ አይስክሬም በነፃ ታደለ። ሜርል ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ ሳለ በአዲሱ የእንጨት መረማመጃ ላይ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ስትመጣ አየ። ለአርባ ስድስት ዓመት ያላየውን ወንድሙን በጆሮዎቹ ነው የለየው፤ የአባታቸው ጆሮዎች ናቸው።

ሴትዮዋ የአርደን ልጅ ጆሊን ነበረች። ሰሌዳው ፊት አቆመችውና «አይስክሬም ላምጣልህ?» አለችው። «አምጪ፣ ግን አትቸኩዪ» አላት። ሜርል ቀረበ።

«እግርህን ምን ነካው?»

«ፋብሪካው ጉልበቴን በላው» አለ አርደን። ፊቱን ከሰሌዳው አልመለሰም። «ጥሩ መንገድ ሠርተዋል። ድሮ እዚህ ጋ ላም ረግረጉ ውስጥ ገብታ ስንት ሰዓት በገመድ ስንጎትታት ዋልን።»

«አስታውሳለሁ።»

«ጆሊን ይህን ከኮምፒዩተር አግኝታ አነበበችልኝ። ደስ ይለዋል ብላ ነው፣ ምስኪን። አንተ አንብብልኝ እስቲ።»

ሜርል አነበበለት። «ማንም ሳያስገድደው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ፤ አርደን ግን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አስነበበው።

«አባዬ በፍርድ ቤት ሊወስዱት ነው ብሎኝ ነበር» አለ አርደን። «እዚህ ማንም አልነካውም ይላል። ታዲያ እሱ ነው የዋሸኝ?»

ሜርል አዎ ማለት ይችል ነበር። ኒልስ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ክራውስም የለም፣ መኖ መሸጫው በር ላይ የተባለውን የሰማ ሰው በምድር ላይ የለም። ይህን አሰበው። ያሰበበትን ያህል ጊዜ ደግሞ አርደን ፊቱን አዙሮ ሲያየው ነበር።

«እሱ አልዋሸህም» አለ ሜርል።

«አዎ» አለ አርደን። «አሁን ገባኝ።»

ከበስተኋላቸው ሙዚቃው ቆመና ሰው አጨበጨበ።

«ፈሪ አልኩት» አለ አርደን። «ያ ነው የመጨረሻ ቃሌ። አንተ እዚያው ቆመህ ሰማኸኝ።»

«ሰማሁ።»

«ለቤቱ ብለህ ነው?»

«የኔ የሚባል ነገር ፈልጌ ነው።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ብትጠይቀኝም አልሰጥህም ነበር» አለ አርደን። «ውሸት አልነግርህም። መሬቱን ፈልገሃል፣ ይሁን፤ ሰው መሬት ይፈልጋል። አባቴን ግን ወሰድክብኝ። ስምንት ዓመት በሕይወት እያለ፣ ከሞተም በኋላ እስካሁን።»

ሜርል «ይቅር በለኝ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ቀለለበት። አርደን አልመለሰለትም፤ ያልሰማ መስሎ ሳይሆን፣ ሰምቶ ነው። ጆሊን ሦስት አይስክሬም ይዛ መጣች፣ አንዱን ለሜርል ዘረጋችለት።

«አጎቴ ሜርል ነዎት አይደል? አባቴ ስለዚህ ቦታ ሲያወራ…»

«ጆሊን፣ እንሂድ» አለ አርደን።

«አሁን እኮ መጣን፣ አባ።»

«እንሂድ አልኩሽ።»

ወንበሩ መረማመጃው ላይ ኳ ኳ እያለ ሄደ። ሜርል አይስክሬሙ እጁ ላይ እስኪቀልጥ ቆሞ አየው።

ሰኞ ጠዋት ኬንድራ ቢሮዋን ስትከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘችው። አንድ ወረቀት ሰጣት፤ በእጁ ጽፎታል፦ «ኒልስ ሃውገን መሬቱን በገዛ ፈቃዱ አልሸጠም። በግድ ይወስዱታል ብሎ የዋሸው ልጁ ሜርል ነው።»

«ይህን ሰሌዳው ላይ አድርጉልኝ» አላት። «ለሥራው እኔ እከፍላለሁ።»

አነበበች። ደግማ አነበበችው፤ ክፉ ሴት አልነበረችም።

«ሚስተር ሃውገን፣ ይህ የቤተሰብ ነገር ነው» አለችው። «ሰው ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ፓርክ ውስጥ አይቆምም።»

«ያቆማችሁት ግን እውነት አይደለም።»

«ቃለ ጉባኤው እንደሚለው ነው የጻፍነው። እኔ ያለኝ ሰነድ እሱ ነው።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። ከዚያ የምታደርግለት ነገር አጥታ፣ ከመሳቢያዋ የዓመቱን የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ አውጥታ በነፃ ሰጠችው።

ሜርል ያንኑ ቃል ለአርደን በደብዳቤ ጽፎ ላከለት። መልስ አልመጣም፤ ደብዳቤውም አልተመለሰም። ሦስት የገና ካርዶችም ላከ፤ እነሱም እንዲሁ።

የሃውገን መንገድ አሁን በካውንቲው ውስጥ ሰው በብዛት የሚሄድበት የእግር መንገድ ነው። እናቶች ጋሪ እየገፉ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎች እስከ ወንዙ መታጠፊያ ይደርሳሉ። ሰሌዳው ፊት ቆመው ያነባሉ፤ አንዳንዱ ከፈረሶቹ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። በአረጋውያኑ ፎቅ ምግብ ቤት ውስጥ ሜርልን የሚያውቁት ሰዎች «አባትህ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ መሬት ለሕዝብ!» ይሉታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። ነገሩ ረጅም ነው፤ እነሱም ሾርባቸው ይቀዘቅዛል። ስለ መንገዱ ሲጠይቁት ግን «ጥሩ አድርገው ሠርተውታል» ይላል፤ በእርግጥም ጥሩ አድርገው ሠርተውታል።