የዓርብ ዋናተኞች

ባለፈው ወር ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። እንደ ጓደኞቿ ወረቀት «አንደኛ» አይልም፤ «ለራሷ ያስቀመጠችውን ግብ ያሳካች» ነው የሚለው። ለሰነፍ ማጽናኛ ነው ብላ አኩርፋለች። የሚቀመጥበት ቦታ ስንፈልግ ከዶሴዎቼ ሥር አንድ የቆየ የደብተር ቅዳጅ አገኘች። «ከሁሉም አንደኛ እሆናለሁ» ይላል፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ የመምህሬ ፊርማ አለበት። ይህን የመሰለ ነገር ለምን እንደደበቅሁት ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን እነግርሻለሁ አልኋት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ለመምህርነት ስንሠለጥን፣ የስፖርት መምህራችን መምህር አዱኛ የዋና ቡድን አቋቋሙ። ከተማው ብርድ እንጂ መዋኛ የለውም። ስለዚህ ክፍል በማይኖረን በዓርብ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ፒካፕ እንጫንና ኮረኮንቹን እየተንገጫገጭን ቁልቁል እንወርዳለን። ጥር ላይ ከሆነ ፎገራ ሜዳ ላይ እሸት ሽምብራ ገዝተን እየፈለፈልን፣ ሐሙሲትን አልፈን ጣና ዳር እንደርሳለን። መጀመሪያ ባለታንኳዎቹን ጉማሬው ዛሬ ወዴት እንደዋለ እንጠይቃለን። እነሱ ደህና ነው ካሉ፣ በሁለት ባዶ ጀሪካኖች መካከል ገመድ ወጥረን እንገባለን።

መምህር አዱኛ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን ቅዳጅ ወረቀት አደሉን።

«ዘንድሮ ልትደርሱበት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ» አሉ። «ዓመቱ ሲያልቅ በወላጆቻችሁ ፊት አነበዋለሁ። ደረስሁ ላለ ይጨበጨብለታል። መድረስ አለመድረሳችሁን የምትመሰክሩት ግን እናንተው ናችሁ።»

እኔ የተወለድሁት ሐይቁ ዳር ነው፤ ዋናን የተማርሁት ከመራመድ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አባቴ ዋና ቡድን መግባቴን ሲሰሙ «ከውኃ አውጥቼ ብልክህ ተመልሰህ ውኃ ገባህ?» ብለውኝ ነበር። ያ ነገር ቆጭቶኛል። እንዲጨበጨብልኝና እሳቸው እንዲሰሙ ፈለግሁ፤ ብዙ ሳላስብ ጻፍሁ።

ከመካከላችን ከጋሳይ የመጣ ይበልጣል የሚባል ዲያቆን ነበር። የእሱ አገር ገብስ እንጂ ሐይቅ አያውቅም። ይበልጣል ዓርብን አጥብቆ ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ አይቀምስም። እኛ ደግሞ የምንዋኘው በአራት ሰዓት ነው። ስለዚህ አፉን ግጥም አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ወንዝ እንደሚሻገር በሬ በአፍንጫው እየተነፈሰ ይዋኝ ነበር። ሆዳችንን ይዘን እንስቅበታለን። መምህር አዱኛ ፊቱን ውኃው ውስጥ እንዲያስገባ ቢመክሩት፣ ከዘጠኝ በኋላ እንደሆነ አስገባለሁ አላቸው። መሄጃችን ደግሞ ሁልጊዜ ከዘጠኝ በፊት ነው።

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ገመዱን አጋምሶ ይቆም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጨመረ። ሁዳዴ እኩል ሲሆን አንድ ዓርብ ሳይቆም ጫፍ ሊደርስ ተቃረበ። ልጆቹ ዋናቸውን ትተው ያዩት ጀመር። በዚያ ዓመት ማንም የእኔን ዋና እንደዚያ ቆሞ አይቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን ያደረግሁትን ቀልድ ነበር እል ይሆናል፤ ግን ቅናት ነበር። ጀሪካኑ ጋ ቀድሜው ደርሼ፣ ሲቃረብ በሁለት መዳፌ ውኃ አፈስሁና ፊቱ ላይ ረጨሁት። ከድካሙ የተነሣ አፉ ከፈት ብሎ ነበር። ጉንጩ ተነፍቶ ጀሪካኑን ይዞ ቆመ። ማንቁርቱ ስትወርድ አየሁ። እኔን አየኝና ወደ ዳር ወጣ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ፒካፑ ላይ እንደወትሮው ከቤቱ ያመጣውን በሶ ጨብጦ አካፈለን። የመጀመሪያውን ጭብጥ የሰጠው ለእኔ ነው።

ግንቦት ላይ ወላጆች መጡ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔን ከጎናቸው አደረጉኝ። መምህር አዱኛ ወረቀቴን አነበቡና ደርሰህበታል ወይ አሉኝ። ደርሻለሁ አልሁ። በእውነትም የሚቀድመኝ አልነበረም። ተጨበጨበ፤ አባቴም አጨበጨቡ።

ከዚያ የይበልጣል ወረቀት ተነበበ። «ከጀሪካን እስከ ጀሪካን ሳልቆም እዋኛለሁ፤ ጾሜንም አልሽርም» ይላል። መምህር አዱኛ ይህንንማ ሁላችንም አይተናል ብለው ለማጨብጨብ እጃቸውን ሲያነሡ ይበልጣል ተነሣ።

«አልደረስሁም፣ መምህር» አለ። «አንድ ዓርብ ከዘጠኝ በፊት ውኃ ጠጥቻለሁ።»

የእኔን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራም። ተነሥቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። የአባቴ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እንደኮሩብኝ ይታወቀኛል። አልተነሣሁም።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ አባቴ ወረቀቱን አንብብልኝ አሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም። አነበብሁላቸው።

«ከሁሉም ማለት፣ ያም ዲያቆን አለበት?» አሉ።

አለበት አልሁ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። ወረቀቱን ለማንም ሳላሳይ ያኖርሁት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ጋሳይ ወጣሁ። ይበልጣል ዛሬ ቄስ ነው፤ አንተ እንዳልተባባልን መስቀል ተሳልሜ አንቱ እላቸዋለሁ። ገበያ ላይ በተገናኘን ቁጥር ሰላምታ ሰጥቼ እሸሻቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን፣ «በእኔ የተነሣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አልደረስሁም ብለዋልና ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ሳቃቸው መጣ።

«የረጨኸውን እኮ መትፋት እችል ነበር» አሉኝ። «አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ጠምቶኝ ዋጥሁት። አልደረስሁም ያልሁት ስለዚያ ነው። አንተ እዚያ ውስጥ ምን ቤት ነህ?»

ይቅር አሉኝ እንጂ፣ አልቀለለኝም። እሳቸው ከእኔ በቀር ማንም ያላያትን ጉንጭ ውኃ ቆጥረው መሰከሩ፤ እኔ ያየሁትን ይዤ ተቀመጥሁ።

ቤት እንደገባሁ ልጄን ጠራኋትና ይህንኑ ነገርኋት። ቅዳጁንም አውጥቼ ከመምህር አዱኛ ፊርማ ሥር «አልደረስሁም» ብዬ ጻፍሁበት። ልጄ ጽሑፉን አየት አደረገችና፣ የእሷን ወረቀት ግድግዳው ላይ የምትሰቅልበት ሚስማር እንድፈልግላት ጠየቀችኝ።