«አላወቁኝም እንዴ?»

ይህን የምጽፈው አክስቴ የተታለሉት በሞኝነት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። ነገሩን የሰማ የሮቤ ሰው ሁሉ «ኮዱን እንዴት ትሰጣለች?» ይላል። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ሰውየው ኮዱን እስኪጠይቅ ድረስ ምን ሲሠራ ቆየ?

አክስቴ የአባቴ እኅት ናቸው፤ «አዳዳ» እንላቸዋለን። ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባላቸው ስንዴ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መጻፍ ስለማይወዱ ከየመንገዱ በቴሌግራም ድምፃቸውን ይልኩ ነበር። በመኪና አደጋ ሲያርፉ ስልካቸውም አብሮ ጠፋ፤ ድምፃቸው የቀረው በአክስቴ ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ነበር። አክስቴ በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍቱ አንዱን ያደምጡ ነበር።

የአክስቴ ስልክ ጥሪን በራሱ ስለሚቀዳ ከአታላዩ ጋር ያደረጉትን ንግግር ደጋግሜ ሰማሁት። ደዋዩ በጥሩ ኦሮምኛ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ጠየቀ። በእኛ ዘንድ ሰላምታ አይቸኮልም፤ እንደ ዘመድ የሚያናግርን ሰው «ማን ልበል?» ብሎ ማቋረጥም ነውር ነው።

«አዳዳ፣ አላወቁኝም እንዴ?»

«እንዴት አላውቅህም! የአጋርፋው አይደለህም?»

«ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን!»

«ድምፅህ ወፈረብኝ። እናትህስ፣ እግሯ ተሻላት?»

«እሱ ነው እኮ ያስደወለኝ። ለሕክምናዋ ዘመድ የሚያዋጣበት ግሩፕ ከፍተናል። እርስዎን ላስገባዎት፤ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

አክስቴ «አላህ ያሽራት» ብለው አነበቡለት።

እጅግ የገረመኝ ይህ ነው፦ አገሩን የሰጡት እሳቸው፣ እናቱን የሰጡት እሳቸው፣ ሕመሟንም የሰጡት እሳቸው ናቸው። ስለ ኢንተርኔት ማጭበርበር ያነበብኩት ሁሉ፣ የሐሰቱ ሽልማት፣ የውጭ አገሩ ሥራ፣ «በስሕተት ብር ልኬልሃለሁ» የሚለውም፣ አታላይ የራሱን ተረት ይዞ እንደሚመጣ ነበር የነገረኝ። ይህኛው የመጣው ባዶውን ነው።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ጎባ ያሉ ደንበኛቸው ደወሉ።

«አንቺ ሴት፣ ብር አበድሪኝ ብለሽ መጻፍ ደግሞ ከየት ተማርሽ?»

አክስቴ ሳቁ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። ቴሌግራሙ አስወጥቷቸዋል። ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል ስለጨመረበት እኔም መግባት አልቻልኩም።

«አዳዳ፣ አካውንቱን መመለስ አልቻልኩም፤ ሲሙ በእጃችን ስለሆነ ማጥፋት ግን ይቻላል። ከጠፋ በስምዎ ማንንም አይለምንም። የባለቤትዎም ድምፅ አብሮ ይጠፋል።»

«ብንተወውስ?»

«ምናልባት አንድ ቀን እናስመልሰው ይሆናል። እስከዚያ ግን በስምዎ እየለመነ ዘመዱን ሁሉ ያዳርሳል።»

የዘረጉትን ጨርቅ አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት።

«አንዱን እንኳ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም?»

«አይቻልም።»

«የአጋርፋዋ በሽተኛ እኔ የጻፍኩላት መስሏት ያላትን ትልክለታለች።» ጨርቁን አስቀመጡት። «አጥፋው፣ ልጄ።»

አጠፋሁት። ከዚያ ስንት እንደነበሩ ጠየቅኋቸው፤ ያውቁት ነበር።

የጠፋው፦ የድምፅ መልእክት፣ መቶ አሥራ ሁለት። ብር፣ ምንም።