የአባዬ «አልፈልግም»

እኔ ሥራዬ ሰው ማብላት ነው። ይኼን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያጠፋሁት ጥፋት በደንብ እንዲገባችሁ ነው። ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጠዋት ገብቼ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። እንግዲህ የሰው አባት ስንት ማንኪያ ሾርባ እንደጠጣ ኮምፒውተር ላይ ስሞላ የምውል ሰው፣ የገዛ አባቴ ቤቴ ውስጥ ሲከሳ ምክንያቱን ማወቅ አቃተኝ።

ነገሩ የጀመረው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ሁለቱም ከእኔና ከልጄ ጋር ነበር የሚኖሩት። እማዬ ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ታማ፣ ሳንጠግባት ሄደች። ከዚያ ወዲህ አባዬን ምግብ ራቀው። መጀመሪያ ሐዘን ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ብለን ተውነው። ጊዜ በሰጠነው ቁጥር ግን ሱሪው እየሰፋው መጣ። ጋራዥ ውስጥ ቆሜ በሚስማር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔው ነኝ፤ ያውም ሁለቴ። ሐኪሙ ደሙንም ሆዱንም ሳንባውንም መርምሮ ምንም አላገኘበትም። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ኪሎው ከዚህ ከወረደ በቱቦ ስለመመገብ እንነጋገራለን» አለኝ። ቱቦ ደግሞ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ የማጸዳው ነው። አባዬን እንደዚያ ተኝቶ አሰብኩትና ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ቆልፌ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው።

ይኼን ለነርሲንግ ሆማችን ወጥ ቤት ኃላፊ ነገርኳት። ማሌዥያዊት ናት፣ የፔናንግ ደሴት ልጅ። እዚያ ደህና ምግብ የሚገኘው መንገድ ዳር፣ ጋሪ ላይ ነው ትለኛለች። አንድ ሻጭ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ምግብ ብቻ ይሠራል፤ አባቱም ያንኑ ሲሠራ ነበር። ባወቅኳት ዓመታት ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ብላኝ አታውቅም፤ ሰላምታዋ ራሱ «በላሽ?» ነው። የአባዬን ነገር ስነግራት ድስቷን ማማሰሏን ሳታቆም፣ «ቅዳሜ አምጪልኝ» አለች። «ሦስት ቦታ እንወስደዋለን። በአንዱም ካልበላ እኔ የፔናንግ ልጅ አይደለሁም።»

አባዬን ማሳመኑ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። «ምን በወጣኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማሌዥያ?» አለ። ማሌዥያ ሳይሆን ሰፈራችን ነው ብለው አልሰማ አለኝ። በመጨረሻ «እምቢ ካልክ ሴትየዋ ትቀየማለች» ስለው ተነሳ። አባዬ ከሞት ይልቅ የሚፈራው ሰው ማስቀየም ነው። ኮቱን ለበሰ፣ ከረባቱን አሰረ፣ ያንን የተበሳሳ ቀበቶውን አጠበቀ፣ መኪና ውስጥ ገባ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጄም ምግብ ያለበት ነገር አያመልጣትምና ከኋላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ኬንት፣ የእስያ ዕቃ የሚሸጥበት ሞል ጥግ ያለች ትንሽ ቤት ነው። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሊጥ በሁለት እጁ ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ እንደ ነጠላ ሲያሳሳው አባዬ ከረባቱን ይዞ ቆሞ አየው። «ይኼ ሰው ባለሙያ ነው» አለ። ሮቲ ቻናይ ይሉታል፤ ያ ሊጥ ታጥፎ ምጣድ ላይ ይጠበስና ከምስር መረቅ ጋር ይቀርባል። ምስር! እኔ በልቤ «በቃ፣ ተገላገልን» አልኩ። ሻዩን ደግሞ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ከከፍታ እያንቆረቆሩ አረፋ ያስወጡለታል። ጓደኛዬ አንዱን ኩባያ ምንም ሳትጠይቅ አባዬ እጅ ላይ አኖረችው። ስሙን ጠየቃት።

«ቴ ታሪክ» አለችው።

«ሻይም ታሪክ አለው በይኛ!» ብሎ ሳቀ። በእነሱ ቋንቋ የተጎተተ ሻይ ማለት ነው አሉ። አባዬ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ሻዩን እስከ አተላው ጠጣው። ከዚያ ምግቡን እንዲባርክ ጠየቅነው። አባዬ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ ሲጸልይ አገር፣ መሪ፣ ስደተኛ፣ የሊጡን ባለሙያ ሳይቀር ያዳርሳል። ሮቲው በረደ።

«አባዬ፣ ትበላለህ?» አልኩት።

«አይ ልጄ፣ አልፈልግም። እናንተ ብሉ።»

«ኦኬ» ብዬ ሳህኑን ወደ ልጄ ገፋሁት። ልጄ ግማሹን በላች፤ የተረፈውን ጓደኛዬ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

እዚህ ላይ ስለ ሥራችን ደንብ ልንገራችሁ። ነርሲንግ ሆም ስትቀጠሩ መጀመሪያ የምትማሩት ይኼንን ነው፤ ሰውየው አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። አይለመንም፣ አይጨቀጨቅም። አንዴ ትጠይቃላችሁ፣ «ሪፊውዝድ»፣ እምቢ አለ፣ ብላችሁ ቻርት ላይ ትጽፋላችሁ፣ ትሪውን ታነሳላችሁ። እኔ ይኼን ደንብ ወድጄው ነበር። ልጅ ሆኜ አክስቶቼ ሆዴ እስኪነፋ እየጠቀጠቁ ነው ያሳደጉኝ። ቤቴም ውስጥ ደንቡን አስገባሁት። እማዬ በሕይወት ሳለች አባዬን «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለች ስታጎርሰው፣ «እማዬ፣ እዚህ አገር ሰው አይገደድም» እላት ነበር። «ሂጂ ወዲያ! ባሌን ላብላበት!» ትለኝ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ሲያትል መሐል፣ ቻይናታውን ነው። ፓርክ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ዞርን፤ አባዬ አንዴም አላማረረም። አንዲት ሴት እሳቱ ከድስቱ አፍ በላይ እየተንቦገቦገ ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል ከእንቁላልና ሽሪምፕ ከሚሉት ጥምዝ የባሕር ፍጥረት ጋር ታገላብጣለች። ሽታው እንኳን የራበውን የጠገበውንም ይጠራል። ሳህኑ ሲቀርብ አባዬ ሽሪምፑን በሹካ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይኼ ትል አይደለም እንዴ?» አለ። ልጄ በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንከባለለች። «ግራንድፓ፣ ኢትስ ሽሪምፕ!»

«ሽሪምፑን አውጥቼልህ ኑድሉን ትበላለህ?» አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አይ፣ አልፈልግም ልጄ። ጠግቤያለሁ» አለ።

ልጄ ሳህኑን ሳብ ስታደርግ የአባዬ ዓይን አብሮ ሄደ። አየሁት፤ አይቼ አለፍኩት። ጓደኛዬ ጠጋ ብላ፣ «ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ የምታነሱበት?» አለችኝ።

«አልፈልግም አለ እኮ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አለች። እኔም ተናደድኩ። የሚከሳው የእኔ አባት፣ ሰው ማብላት የእኔ ሥራ፣ ደግሞ እሷ ልታስተምረኝ! ሦስተኛው ቦታ ከሲያትል በስተሰሜን፣ ሾርላይን ነው። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ቱቦው ብቻ ነበር።

ሾርላይን ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራይተው ማሌዥያውያን አንዳንድ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዷ ሴት አንድ ምግብ ይዛ ተቀምጣለች፣ ልክ እንደ አገራቸው መንገድ ዳር። ጓደኛዬ ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ወሰደችን። እዚያ ሻሽ ያሰሩ፣ ከአባዬ ጋር እኩያ የሚሆኑ ባልቴት ተቀምጠዋል። ፊታቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ተከምሯል። አንዱን ፈቱት፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ለውዝ፣ ጥቃቅን ደረቅ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ከጎኑ እንደ ድልህ የቀላ ማባያ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አሸተተ።

«ኮባ!» አለ። «ኮባ ላይ የተጋገረ ዳቦ ነው የሚሸተው።»

ሴትየዋ አንዱን ጥቅል ገፋ አደረጉለት። «ማካን» አሉት፤ ብላ ማለት ነው።

አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ።

እኔ ጥቅሉን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። ሴትየዋ እጄን ቸብ አደረጉት! በእውነት እላችኋለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው የመቱኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው «ማካን!» አሉ ጠንከር አድርገው።

«ኖ፣ ኖ፣ ጠግቤያለሁ» አለ በአማርኛ።

ሴትየዋ አማርኛውን ምን ያውቃሉ? እሳቸውም በገዛ ቋንቋቸው ወረዱበት። አንገቱን አሳዩት፣ የሰፋውን የሸሚዙን ኮሌታ ጎተት አደረጉ፣ ወደ ሰማይ እያዩ ለአምላክ ከሰሱት። ከዚያ ማንኪያውን እጁ ላይ አስጨብጠው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። «ማካን፣ ማካን፣ ማካን!»

«እሺ… እሺ እንግዲህ፣ ትንሽ» አለ አባዬ።

ትንሽ! ጸሎቱን እንኳ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰው። ሩዙን በላ፣ ዓሣውን በላ፣ እንቁላሉን በላ፣ በማባያው ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ቅጠሉን ጠረገ። ሴትየዋ ሁለተኛውን ፈቱ። «ኖ» አለ፤ እሳቸው ሳቁ፤ በላ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ይኼ የታመመ ሰው አበላል አይደለም። እኔ የታመመ ሰው አበላል አውቃለሁ፤ ይኼ የተራበ ሰው ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ርቦህ ነበር እንዴ?»

«ታዲያስ!» አለ፣ አፉን እየጠረገ።

«ታዲያ ስጠይቅህ ለምንድን ነው አልፈልግም የምትለው?»

የምሬን መሆኑን ለማወቅ ትክ ብሎ አየኝ። «ልጄ፣ ሰው ና ብላ ሲሉት ዘሎ እሺ ይላል? እንደዚያ ነው ያሳደግንሽ? እናትሽ የመጀመሪያውን አልፈልግም ሰምታው አታውቅም። ሁለተኛውንም። አንቺ አንዴ ትጠይቂና ታነሺዋለሽ።» ቅጠሉን በቀስታ አጣጠፈው። «መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ። በኋላ ግን የምትጠይቀኝ ለወጉ ነው አልኩ። ከልብ እንዲበላ የፈለጉትን ሰው ይለምኑታል እኮ። እናትሽም የለች፣ እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ፣ ብበላም ባልበላም ለእሷ አንድ ነው አልኩ። አልተቀየምኩሽም፤ ሥራ ይበዛብሻል።»

ወይ እኔ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ መብቱን አከበርኩ ስል፣ እሱ ትርፍ ሰው ነኝ ብሎ በየማታው ርቦት ይተኛል። እጁን ይዤ ሳምኩት፣ ደጋግሜ ሳምኩት። ሴትየዋ የተጨቃጨቅን መስሏቸው ለእኔም አንድ ጥቅል ፈቱልኝ። አንዴም አልፈልግም አላልኩም፤ እያለቀስኩ በላሁ።

ሐኪሙ የቱቦውን ነገር ሁለተኛ አላነሳውም። በሚስማር የበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች ዛሬም ቀበቶው ላይ አሉ፤ አባዬ ግን አልፏቸው ወደ ዱሮው ቀዳዳ ተመልሷል። ሥራ ላይም ቢሆን «ሪፊውዝድ» ብዬ ከመጻፌ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሬ እመለሳለሁ። አለቃዬ ካወቀች ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ።

ያን ዕለት ግን፣ ከሾርላይን በተመለስንበት ማታ፣ ሴትየዋ ያስያዙንን ጥቅል አሞቄ ለራት አቀረብኩ። አባዬ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ፤ አጠገቡ የእማዬ ወንበር አለ፣ ማንም አይቀመጥበትም።

«አባዬ፣ ብላ።»

«አይ፣ አልፈልግም። ቀን በልቻለሁ እኮ» አለ፤ በዓይኑ ጥግ ግን ያየኛል።

ልጄ እጇን ወደ ሳህኑ ላከች። «ማም፣ ሂ ሴድ ኖ።»

«ተይው!» አልኳት። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። «አባዬ፣ ትንሽ ቅመስ እንጂ።»

«ኧረ በቃኝ፣ ልጄ።»

ከቦርሳዬ የጠዋቱን ሮቲ አውጥቼ ቆረስኩ፣ ሩዙን ጠቀለልኩበትና ወደ አፉ ይዤ ቀረብኩ። ሦስተኛው ተራ የማን ቃል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እማዬን ከቀበርን ወዲህ ያ ቃል ቤታችን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለም፤ የደፈረው ሰው ግን አልነበረም። ጉርሻውን እንደያዝኩ እጄ ተዘርግቶ ቀረ።

«አባዬ» አልኩት፣ «በሞቴ።»

የእማዬን ወንበር አየ። ከዚያ እኔን። ዓይኑ ሞላ።

«ሞትሽን አያሳየኝ» አለና አፉን ከፈተ።

ቀስ ብሎ፣ ረጅም ጊዜ አኘከ። ዋጠ። እንባውን በአይበሉባው ጠረገና የቀረውን ሮቲ ገልመጥ አድርጎ አየው።

«ብቻ ጉርሻሽ ትንሽ ናት» አለ። «የእናትሽ አፍ ይሞላ ነበር።»