ከኅዳር መድኃኔ ዓለም የተቆጠረች ልጅ

«የስምንት ወር እርጉዝ በዚህ ጭቃ በቅሎ ላይ አትወጣም» አሉ የባለቤቴ እናት እማማ አስካለ፣ በሩን በጀርባቸው ይዘው። ባለቤቴ ግርማ ኮርቻውን እንደታቀፈ ቆመ። ወሩ ነሐሴ ነው። እኔ ዘጠነኛውን እየጨረስኩ ነው እላለሁ፤ እሳቸው ገና አንድ ወር ይቀርሻል ይላሉ። እኛ ዘንድ የስምንት ወር ልጅ አያድግም ተብሎ ይፈራል። እኔ የምፈራው ወንዙን ነበር። እኛንና የዘመሮን ጤና ጣቢያ የሚለየው ወንዝ ከሞላ ሰው አያሳልፍም።

ሕመሜ የጀመረው ከጋብቻዬ በፊት፣ የወር አበባዬ እየዘለለ ሲመጣ ነው። አንዳንዴ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አምስት ወር ይጠፋል። ካገባሁ በኋላ ፀበል ጠጣሁ፤ ክኒን ዋጥሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት ሐኪም በአልትራሳውንድ አይታ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ነው አለችኝ፤ እንቁላሌ በጊዜው አይበስልም። መርፌ ተወጋሁ። እንቁላሉ ወጥቶ ከግርማ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ተዋሐደ። ሽሉን ኅዳር ሃያ ሰባት ማሕፀኔ ውስጥ መለሰችልኝ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አገሬ ገብቼ፣ ደማሁ።

ተኛሁ። አላለቀስኩም። ጨርቁን እማማ አስካለ አጠቡልኝ። በኋላ ምርመራው ፅንሱ በቦታው እንዳለ፣ ልቡም እንደሚመታ አሳየ። እሳቸው ግን ያንን ደም የወር አበባ አድርገው ያዙት። ከዚያ ወር ማርያም ተነሥተው ዘጠኝ ማርያም ሲቆጥሩ መስከረም ላይ ወደቀላቸው፣ ግሸን ማርያም፣ ክረምቱ ሲያልፍ። መድኃኒት መውሰዴን እንጂ ሽል እንደተመለሰልኝ አያውቁም ነበር። እንዴት ብለን እንንገራቸው?

ግርማ ኮርቻውን አስቀምጦ ለሐኪሟ ደወለ፤ ነገሩን ነግሯት ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው።

«እማማ፣ ያ ደም የወር አበባ አልነበረም» አለቻቸው። «ፅንሱ ያኔም ውስጥ ነበር። ማሕፀኗ ውስጥ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ በኅዳር መድኃኔ ዓለም።»

እማማ አስካለ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የታኅሣሥ መድኃኔ ዓለም፣ የጥር፣ የየካቲት። ዘጠነኛው ነሐሴ ሆነ።

«ስምንቱንማ አልፈሽዋል» አሉኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ጎለተሽ?»

በቅሎዋን የጫኑልኝ ራሳቸው ናቸው።

በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ፣ እንደኔ ቀናቸውን ከሚጠብቁ ሴቶች ጋር አተር እየቆላን፣ በየሆዳችን ቅርጽ ወንድ ሴት እየተባባልን ስንሳሳቅ ወንዙ ሞላ፤ በዚያው ሳምንት ምጥ መጣ። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አዋላጇ ፈታችው። ልጄ አለቀሰች። ቤት ብሆን ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም። ያችን አዋላጅ፣ ያችን ሐኪም፣ ያችንም በቅሎ አመሰግናለሁ።

እንደኔ በሕክምና ያረገዛችሁ እኅቶቼ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሽሉ የተመለሰበትን ቀንና ያኔ የስንት ቀን ሽል እንደነበረ ንገሩ፤ የመውለጃ ቀናችሁ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ለቤተሰባችሁም ንገሩ፣ እነሱ በሚቆጥሩበት አቆጣጠር። ደም ካያችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።

ወንዙ ሲጎድል እማማ አስካለ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ልጄን ታቅፈው ብዙ አዩዋት።

«የሐኪሟ ቆጠራ እዚህ ላይ አበቃ» አሉ። «ሴት ናት፤ የክርስትናዋን ሰማንያ ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ስልክ እንዳትደውሉብኝ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ብርዱ እንዳይገባባት በሩን ከውጭ ሳብ አድርገው ዘጉት።