ከጫሞ የወጣው የመረብ ኳስ መረብ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። "መረብ ኳስ" የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አርባ ምንጭ ውስጥ የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ደግሞ ቃሉን የማልሰማበት ቀን የለም።

የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የምመራውም እኔው ነኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ለጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ጠባቂዎች ስለ ዐይነ ጠባብ መረብ እንዳስረዳ ተጋብዤ ነበር። ጫጩት ዓሣ ሳይቀር ጠርጎ የሚያወጣ፣ የተከለከለ መረብ ነው። "ስትይዟቸው ሁሉም 'ወድቆ አገኘሁት' ይላሉ፤ እንዳታምኗቸው፣ ቦርሳቸውን ፈትሹ!" ብዬ አስጠነቀቅኩ። ሞቅ አድርገው አጨበጨቡልኝ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ጠባቂ የሆነው ታሪኩ ነበር።

ያን ቅዳሜ የሟቹን አባቴን የዓሣ ዘንግ ይዤ ጫሞ ወረድኩ። ዘንጉ የጨንቻ ቀርከሃ ነው፤ ክሩ የሚጠቀለለው በአሮጌ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ ነው። አዞ ስለምፈራ ከውሃው ራቅ ብዬ ቆምኩና መንጠቆውን ወረወርኩ። ብዙም ሳልቆይ ከበደኝ። "ነጭ ዓሣ ነው!" እያልኩ ብቻዬን እንደ እብድ እየጮህኩ ጎተትኩ። የወጣው ግን ዐይነ ጠባብ መረብ ነው። ውሃ ውስጥ ብተወው ዓሣ መግደሉን አያቆምም። ለጠባቂዎቹ ላስረክብ ብዬ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት።

አሥር እርምጃ ሳልሄድ ታሪኩ ከፊቴ ድቅን አለ።

"ቲቸር! ምንድነው የተሸከሙት?"

"ወድቆ አገኘሁት" ልል አፌን ከፈትኩ። የገዛ ትምህርቴ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ "የመረብ ኳስ መረብ ነው" አልኩት።

መረቡን በጣቱ ዳሰስ አደረገ። "ዐይኗ ጠበበችሳ፣ ቲቸር?"

"አዲስ ሞዴል ነው።"

ይሄኔ ከመረቡ ውስጥ መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ዓሣ ዱብ ብላ መሬት ላይ ትንፈራገጥ ጀመር። ሁለታችንም አጎንብሰን አየናት። አንስቼ ወደ ውሃው ወረወርኳት። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይባላል፤ የእኔ ማደርም አላስፈለገው።

ከቆሮሶዋ የባሰ መጣ። አንድ ጎልማሳ ሰው ከደንገሉ ውስጥ በደስታ እየሮጠ ወጣ።

"ጌታ ይባርክዎት ጋሼ! መረቤን አገኙልኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግኳት!"

ተመስገን፣ ዳንኩ አልኩ በልቤ። ታሪኩ ግን "ቲቸር የመረብ ኳስ ነው አሉኝ እኮ" አለው። ሰውዬው የታሪኩን የጥበቃ ልብስ ያየው ገና ያኔ ነው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና፣

"አዎ፣ የመረብ ኳስ ናት! የሰፈራችን ቡድን ናት። ጋሼም ያውቃሉ" አለ። ጠቀሰኝም።

ታሪኩ ወደ እኔ ዞረ። ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ይሄ ልክ ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ እንደነበረው ነው ያየኝ። ዝም ብል ስሜ ይተርፋል፤ መረቡ ግን ተመልሶ ጫሞ ይገባል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ዋሸሁህ ታሪኩ" አልኩት። "የዓሣ መረብ ነው። እና... ወድቆ አገኘሁት።"

ታሪኩ መረቡን ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርግ የአባቴን የዛገ መንጠቆ ስጎትት ከተበጠሰው ክር ጋር እዚያው ተሰክቶ አገኘው። ዘንጌን አየ፣ መንጠቆውን አየ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውዬው "ለካ የእኔ አይደለችም" ማለት ጀምሮ ነበር። ታሪኩ እየሳቀ ክንዱን ያዘው። መረቡም የዚያኑ ቀን ተቆራርጦ ተቃጠለ።

አሁንም ጫሞ ስወርድ ታሪኩ ከሩቅ "ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ለስንት?" ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። አሁን "ሦስት ለዜሮ ተሸነፍኩ" እለዋለሁ፤ አብረን እንስቃለን።

ከዚያ፣ ልክ እንዳስተማርኩት፣ ቦርሳዬን ከፍቶ ይፈትሻል።