ከፍላሹ ላይ የጠፋው ምርቃት

«ፍላሹን ፎርማት አድርጌ፣ የነበረውን አጥፍቼ አዲስ ዘፈን ሞላሁልህ» አለው ሳሪስ አቦ ዘፈን የሚጭነው ሰውዬ፣ ወንድሜን።

ወንድሜ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ አቦ ሚኒባስ ይነዳል። በየጉዞው ሞተሩን ሲያስነሳ የእናታችንን ምርቃት ከፍላሹ ላይ ይከፍታል። ከመሞቷ በፊት «በሰላም ውለህ በሰላም ግባ ልጄ» ስትለው የቀዳው ነው። ተሳፋሪውም ለምዶ አሜን ይላል።

ዛሬ ቴፑ ፍላሹን አላነብ ሲለው ሰውዬው ጋ ወሰደው። «አስተካክልልኝ» አለው እንጂ ምን እንዳለበት አልነገረውም። ድምፁን ሌላ ቦታ አልገለበጥነውም ነበር።

ፍላሹ አሁን እንደ አዲስ ይሠራል።

ሰውዬውን ምን ይበለው? አመስግኖት ወጣ።

ለቀጣዩ ጉዞ ሰው ሲሞላ ቴፑን ሳይከፍት ሞተሩን አስነሳ። እኔ ጋቢና አጠገቡ ነበርኩ። ከኋላ አንዲት እናት በልማድ «አሜን» አሉ።

እናንተስ የሞተባችሁን ሰው ድምፅ የት አስቀመጣችሁት? እንደኛ የጠፋበት አለ?